ድንብላሉን የነቀልሁ ዕለት

ዓይኔ መድከሙን ከልጄ ደብቄ ነበር። ካወቀች «ጓሮሽን ተይና እኔ ቤት ግቢ» ማለቷ አይቀርም። አንድ ጠዋት ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ አረም እየነቀልሁ ወደ አጥሩ ስጥል፣ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ መሪጌታ ተጣሩ። መሪጌታ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው።

«እታለም፣ ምነው ይህን የመሰለ ሸጋ ድንብላል ትነቅያለሽ?»

እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። እውነታቸውን ነው፤ ለካ አረሙን ትቼ ድንብላሉን ስነቅል ነው ያረፈድሁት። ለእሳቸው መዋሸት ደግሞ አልሆነልኝም። «የኔታ፣ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል» አልኋቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ ቅጠሉን በጣትሽ ፈትገሽ አሽትቺው፤ ከዚያ ትነቅያለሽ» አሉኝ።

እንዳሉኝ ሳደርግ ሰነበትሁ። በወሩ ልጄ መጣችና በተረፈው ድንብላል መሀል አንድ አረም ብትፈልግ አጣች። «እማዬ፣ እኔ እኮ ዓይንሽ የደከመ መስሎኝ ስሰጋ ነበር» አለችኝ።

ከድንብላሉ አንድ ቅጠል ፈተግሁ። ጣቶቼን አፍንጫዋ ሥር ያዝሁላት።