አራተኛው ምንጣፍ

የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡት ሽማግሌ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ምንጣፍ አቅፈው ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሲወጡ፣ ከሚስታቸው የእህት ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። ልጅቱ በሙያ ትምህርት ቤት አናጢነት ተምራ በሥራዋ የምትኖር ናት፤ ያን ቀን የመጣችው ምስማር ልትገዛ ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ ዓይኗ ጥቅልሉ ላይ ተተከለ።

«ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ለየትኛው ክፍል ነው?»

«ለመታጠቢያ ቤቱ ነው። ያኛው ጠርዙ ተነሣ።»

«ያኛው እኮ ሦስተኛው ነው።»

ይህን ጊዜ የሽማግሌው ደም ፈላ። ሰፈሩ በሌሉበት «ነጎድጓድ» ብሎ የሚጠራቸው ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን ባለ ሱቁ ይሰማ ነበርና ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ወለሉ ምንም እንዳልሆነ፣ ትንሽ ለስለስ ያለ ቦታ ቢኖረውም ቤተሰቡ የት እንደሚረግጥ እንደሚያውቅ፣ ለእንግዳም እንደሚነገረው በትሕትና አስረዱ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእሳቸው ዓይነቱ ነው።

እውነትም በዚያ ቤት የአረጋገጥ ሕግ ነበር። ፎቅ ላይ ወዳለው መታጠቢያ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል ይረግጣል፤ ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል፤ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ግን ዘሎ ያልፋል። ሰው የበሰበሰ ወለል በማደስ ፈንታ ለቤተሰቡ ዝላይ ሲያስተምር ማየት ያስቃል። ከሳቁ ግን ንዴቱ ይበልጣል።

ልጅቱ ምስማሩን ትታ ጥቅልሉን ተቀበለቻቸውና መንገዱን ሁሉ ሲከራከሩ ሄዱ። እሳቸው፣ ገበና ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም፣ ወለሉ ፈርሶ ቢታይ የጎረቤት መሳቂያ እንሆናለን አሉ። እሷም ገበና የሚሸፈነው ከጎረቤት እንጂ ከባለቤቱ አይደለም ስትል መለሰች። ነገሩ ገባቸው፤ ስለገባቸውም ይበልጥ ተናደዱ።

ቤት እንደደረሱ ልጅቱ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተንበረከከች። የሦስቱን ምንጣፎች ጠርዝ ገልጣ ካቻቢቴዋን ጣውላው ላይ ጫን አደረገችው። እስከ እጀታው ሰመጠ።

«ደኅናውን ጣውላ በሳሽው» አሉ ነጎድጓድ። አሁን የሚሰማ ባለ ሱቅ የለም፤ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ተሰማ።

«ጋሼ፣ ላለመቆጣት ስታገል ነበር፤ አሁን ግን ተቆጥቻለሁ። ደኅና ጣውላ እንኳን ካቻቢቴ መዶሻም አይበሳው። ከመቀመጫው ሥር ያለው ጎማ አልቆ ውኃው ዓመታት ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ምንጣፉ ውኃውን አላቆመውም፤ እንዳይደርቅ አፈነው እንጂ። ወለሉን የሚሸከሙት እንጨቶች ካለቁ፣ አክስቴ አንድ ቀን ከነመቀመጫው ነው ምድር ቤት የምትወርደው።»

«አክስትሽ ዘወትር ጠዋት እዚሁ ነው የምትታጠበው። አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ይኸውልሽ፣ ጠይቂያት።»

ባለቤታቸው ጩኸቱን ሰምተው ከኩሽና ወጥተው ነበር። እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ።

«እዚያ መታጠብ ከተውኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ» አሉ ለባላቸው። «ለእግር ጉዞ ስትወጣ ጠብቄ ኩሽና ውስጥ በሳፋ እታጠባለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደረጃ ላይ እግሬ ወለም አለ ያልኩህ ጊዜ፣ ደረጃ ላይ አልነበረም። እዚህ ወለሉ ሰምጦ ነው እግሬን የያዘኝ። ውኃው መጀመሪያ የታየ ዕለት እኮ ነግሬህ ነበር። ማን አፈሰሰው ብለህ ሦስት ቀን ጮህክ። ለውኃው መወልወያ አለኝ፤ ለጩኸትህ ግን ምንም የለኝም።»

ያን እግር በቅባት ያሹት ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ፤ እያሹም «ምናለ አይተሽ ብትረግጪ» እያሉ ይቆጡ እንደነበር ትዝ አላቸው። ሲቆጡ ኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ላይ ተቆጡ። አዲሱን ምንጣፍ አንሥተው ከበሩ ውጭ አስቀመጡትና ልጅቱን «አፍርሺው» አሏት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ደባቂውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አባወራ በቁጣው ቤቱን ሥርዓት ያስያዘ ይመስለዋል፤ ያስያዘው ዝምታን ነው። በዝምታ ውስጥ ደግሞ ውኃ እንደ ልቡ ይሠራል።

ምንጣፎቹ ተራ በተራ ሲነሡ ከሥር ያለው ጣውላ እንደ ራሰ ዳቦ በእጅ ይቆረስ ነበር። ልጅቱ መቀመጫውን ነቀለች፤ ጥቁሩን እንጨት ሁሉ ደረቅና ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ቆርጣ አወጣች፤ ከተጎዳው ተሸካሚ ጎን አዲስ እንጨት አጋጥማ አሰረች። ሽማግሌው ቶሎ ይከደን እያሉ ቢያስቸግሯትም፣ እርጥብ እንጨት መክደን ያው አምስተኛ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው ብላ ሁለት ሳምንት መስኮቱን ከፍታ አደረቀችው። ከዚያ አዲስ ጣውላ፣ በላዩ ውኃ የማያስገባ ቅብ፣ በቅቡ ላይ ሴራሚክ፤ ለመቀመጫውም አዲስ ጎማ።

በእነዚያ ሳምንታት ባልና ሚስት ጎረቤት እየሄዱ ታጠቡ፤ ገበናው አደባባይ ወጣ። የሳቀባቸው ግን አልነበረም። ይልቁንም ሁለት ጎረቤቶች ልጅቱን ወደ ጎን ጠርተው የእነሱንም ወለል እንድታይላቸው ለመኗት፤ ለካ እነሱም በየቤታቸው ሲዘሉ ኖረዋል። ዛሬ በሽማግሌው ቤት እንግዳ እንደ ልቡ ይረግጣል፤ ያ የሻጋታ ሽታ ጠፍቷል፤ ሳፋውም ለልብስ ብቻ ሆኗል።

ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ከመታጠቢያ ቤቱ ተጣሩ። መወልወያ እንኳ አላነሡም።

«ቧንቧው ማንጠባጠብ ጀምሯል» አሉ።

የነጎድጓድ የአንገት ደም ሥር ተገተረ። «ማን» የምትለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጧት።

«የቱ ጋ ነው?» አሉና መፍቻ ፍለጋ ተነሡ።