ጉንዳን የመሰከረለት ኪኒን

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ኪኒናቸውን ለሐኪሙ ሊመልሱ መሆናቸውን አጠገባቸው ላለችው ነርስ ነገሯት።

“ለምን አባቴ?”

“ስኳሩ ኩላሊቴን ነክቶታል። ይኼ አዲስ ኪኒን ያተርፈዋል ቢሉኝ ዋጥሁት። ይኸው ሽንቴን ጉንዳን ወረረው!”

“እሰይ!”

“መጀመሪያ በሽታዬን ያሳበቀው ጉንዳን ተመልሶ መጣ ስልሽ እሰይ ትያለሽ?”

“መድኃኒቱ እኮ ስኳሩን በሽንት እያስወጣ ነው ኩላሊትዎን የሚያግዘው። ጉንዳኑ ሥራ መያዙን እየመሰከረልዎ ነው።”

“እኔን ይድፋኝ! ሚስቴ አመድ እየነሰነሰች ፈጀቻቸው እኮ!”

“ከእንግዲህ ይተዉአቸው፤ ስኳሯን ይብሏት። ኪኒኑንም እንዳያቋርጡ፤ ሐኪሙንም ይጠይቁት።”

“ሹፌር፣ እስቲ አንድ ጊዜ አቁምልኝ!”

“ሰቆጣ ልንደርስ ነው፣ አባቴ” አለ ሹፌሩ።

“ሰቆጣማ ኮብልስቶን ነው፤ የዚህ አገር ጉንዳን ይብላ እንጂ!”

ሽንቴ ባይመጣም፣ የእኔንስ ጉንዳን ይወደው ይሆን ብዬ፣ እኔም አብሬያቸው ወረድሁ።