የዳለቻ ግሳት

ከሾላ ወደ ካራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

«ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?»

«አየሩን የሚያሞቀውን ጋዝ እንለካለን አባባ። ከመኪናው፣ ከማገዶው፣ ከላምም የሚወጣውን።»

«ከላም?»

«ስታገሳ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ እኮ ካራ ላሞች ነበሩኝ። አሁን ግጦሹ ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ እኔም እዚያው ጥበቃ ነኝ።»

«የድሮዎቹንም እንቆጥራለን።»

«የሌሉትን?»

«አዎ። የድሮውን በአንድ መንገድ፣ የዘንድሮውን በሌላ ከለካን ጨመረ ቀነሰ ማለት አንችልም። ሁለቱም በአንድ ስሌት ነው የሚሠሩት።»

«የእኔም ይገባሉ?»

«ያኔ ካራ ከነበሩ ይገባሉ።»



«ላሜ ዳለቻ ሲመሽ ደጄ ተኝታ ታመነዥክ ነበር። ግሳቷን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ቡሬ ግን አታገሳም ነበር።»

«ሁሉም ላም ያገሳል አባባ። ለሁሉም እኩል ነው የምንይዘው።»

«ቡሬን አታውቂያትም።»

«ታዲያ ልተዋት?»

«ኧረ አስገቢያት። ከዳለቻ ተለይታ አታውቅም።»

ካራ ወርጄ፣ ቤቴ ከመግባቴ በፊት የኮንዶሚኒየማችንን ግቢ ሣር ቆሜ አየሁት።