ከብራዚል የመጣው ካሴት

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ወደ አቦቦ በሚሄድ ፒክአፕ ላይ ተሳፍሬ ነበር። አጠገቤ ጊታር የታቀፈ፣ ከፑኝዶ ከተማ የመጣ ወጣት፣ ፊት ለፊቱ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ የዚህን ካሴት ሽፋን ያንብቡልኝ። ጊታር የተማርኩት ከዚህ ነው። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ዜማው ዘፈን ከሆነ እሑድ ከመዘምራን ጋር አትመታም አሉኝ።»

«የብራዚል ሰው ነው ይላል። ብሉዝ ይጫወታል።»

«ብራዚል ኳስ አይደለም እንዴ?»

«ጊታርም አላቸው። ብሉዝ የአሜሪካ ጥቁሮች የሐዘን ዜማ ነው። እሱ በልጅነቱ ከሸክላ ሰምቶ ተማረው።»

«ሐዘን ከሸክላ ይማራሉ?»

«አንተስ ከካሴት አልተማርክም?»

«እኔ የተማርኩት የጣቱን ነው። ሐዘኑ የራሴ ነው።»

«እሱም እንደዚያ ይሆናላ።»

«ታዲያ ለቅሶ ነው ልበላቸው? ማን ሞቶበት ነው?»

«የሞተ የለም። የዜማዎቹ ርእሶች ሁሉ ጥላው ስለሄደች ሴት ናቸው።»

«ተመለሰች?»

«እስከ መጨረሻው ርእስ አልተመለሰችም።»

«ካልተመለሰችማ ለቅሶ ነው።»

«አይ ልጄ፣ ስለ ሴት ከሆነ ዘፈን ነው።»

«ቅድም ሐዘን ነው አሉኝ፣ አሁን ዘፈን ነው አሉኝ።»

«እኔንም ግራ አጋባኸኝ።»

«እንግዲያው ቃሉን ትቼ ዜማውን ብቻ እመታላቸዋለሁ። ምን እንደሆነ እነሱ ይንገሩኝ።»

«ቢከለክሉህስ?»

«ያኔ ለቅሶ ይሆናል።»

ዜማውን በአፉ ማንጎራጎር ሲጀምር፣ እግሬን የመኪናውን ወለል ሲመታ አገኘሁትና ሰው እንዳያይብኝ ነጠላዬን ወደ እግሬ ሳብ አደረግኩ።