ለኮምፓይለር የተላከች ሽማግሌ

(አዳማ፣ እሑድ ከሰዓት። ይርጋ ሳሎኑ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ወፍጮ ቤት ያላት ታላቅ እህቱ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ አጠገብ ቆማለች።)

ይርጋ፦ እትዬ፣ ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ!

አስካለ፦ አልቀመጥም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

ይርጋ፦ ምን የምድራት ልጅ አለችኝና ነው ሽማግሌ የሚላክብኝ?

አስካለ፦ ልጅማ የለህም። ያለህ እልህ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያገባልህ አልተገኘም።

ይርጋ፦ የላከችሽ ምንትዋብ ናት፤ አውቄያለሁ። የገዛ ልጅሽ! ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት ያስተማርኳት እኔ!

አስካለ፦ እሷም ጓደኞቿም። መጀመሪያ ጎረቤትህን ጋሽ ተክሉን ነበር የለመኑት፤ «ይርጋ ዘንድ ከምሄድ ጥርሴን ልነቀል» አላቸው። ከዚያ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዱ። ጉዳያችን ኮምፓይለር ነው ቢሉት፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው አለ።

ይርጋ፦ አንቺስ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

አስካለ፦ አስረዱኝ። ያ «ጮራ» የምትሉት፣ ሰብሰብ ብላችሁ ሠርታችሁ ለአገሩ ሁሉ በነጻ የምታድሉት፣ ኮምፒውተሩን ቀስቅሶ ሥራ የሚያሲዘው…

ይርጋ፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም።

አስካለ፦ እሱ። እሱ እህሉ ነው። ኮምፓይለሩ ደግሞ እናንተ የጻፋችሁትን ኮምፒውተሩ ሊበላው እንዲችል አድርጎ የሚፈጭ ወፍጮ። ልጆቹ የተሻለ ወፍጮ ወጥቷል ይላሉ፤ አንተ የድሮው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብለሃል። የቀረኝ ነገር አለ?

ይርጋ፦ ኧረ ወፍጮ አይደለም! አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር ወፍጮ ይመስልሻል።

አስካለ፦ አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር የአንተ ይመስልሃል። በል እሺ በላቸውና ልቀመጥ፤ ጉልበቴን አሞኛል።

ይርጋ፦ ሻይሽን ጠጪ መጀመሪያ።

አስካለ፦ ሽማግሌ ነኝ እያልኩህ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ ገና አሁን ነው የቀዳኸው፣ አይሞትም። ይኼ ሣጥን ምን እያለ ነው የሚያጓራው?

ይርጋ፦ ጮራን ከላይ እስከ ታች እያስፈጨሁ… ተይኝ እባክሽ፣ አንቺ ያመጣሽው አነጋገር ነው! እየገነባሁት ነው። በአሮጌው፣ በታማኙ ኮምፓይለር። ጀንበር ሳትጠልቅ አይጨርስም። ስለዚህ ቆመሽ አትችይውም።

አስካለ፦ ጀንበር ትጥለቅ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ቅዳሜ ግን እንደ ጀንበር አይደለም። እስከ ቅዳሜ እሺ ካላልክ ልጆቹ ጮራን ገልብጠው ይዘው ይወጣሉ። የሁሉም ስለሆነ ማንም ገልብጦ መሄድ ይችላል አሉኝ። እውነት ነው?

ይርጋ፦ ይችላሉ። ይሂዱ! ማን ያዛቸው?

አስካለ፦ አንተ ነሃ የያዝካቸው! ጋሼ ጀምሮት ያለ ጋሼ ቃል አናደርገውም ብለው ነው እስከ ዛሬ የጠበቁህ። ከቅዳሜ በኋላ ጮራ ሁለት ይሆናል። አንዱ ልጆቹ ሁሉ ያሉበት፣ አንዱ አንተና ይኼ ቬንትሌተር ያላችሁበት። መቼም ቬንትሌተሩ አይከራከርህም፤ ራሱን ወዝወዝ ወዝወዝ ማድረግ ብቻ ነው።

ይርጋ፦ ምንትዋብ… ምንትዋብም ትሄዳለች?

አስካለ፦ በወፍጮው ከተጣላችሁበት ስብሰባ ወዲህ ይህን ደጅ ረግጣዋለች? እኔ ቤት ስምህ ሲነሳ ሳህኗን ይዛ ጓዳ ትገባለች። እዚያ ቆማ ትበላለች። እሺ በላቸው ይርጋ።

ይርጋ፦ አንቺ አይገባሽም። ያ ኮምፓይለር እኛ ጀማሪዎች ሳለን ስህተታችንን ችሎ ነው ያሳደገን። አዲሱ ነገረኛ ነው! እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ ይኼን ጽፈህ አልተጠቀምክበትም፣ እዚያ ጋ እንዲህ ለማለት ፈልገህ ነው ወይ እያለ በቀይ በቀይ ያዥጎደጉደዋል። ቀስት ሠርቶ በጣቱ እንደሚጠቁም ሰው ሁሉ ያሳያል!

አስካለ፦ ቀስትም ይሠራል?

ይርጋ፦ አረንጓዴ ቀስት!

አስካለ፦ «ቤቴ አይገባም» ላልከው ነገር ቀለሙን ሳይቀር በደንብ አውቀኸዋል።

ይርጋ፦ ሰምቼ ነው። ሰው… ሰው ነግሮኝ።

አስካለ፦ ይሁንልህ። እኔ የናፍጣውን ወፍጮ አንስቼ የኤሌክትሪኩን ሳስገባ ያልከኝን ታስታውሳለህ? «ዱቄቱ ያንገሸግሸኛል፣ ለእኔ በድሮው ፍጪልኝ» ብለህ አስለቀስከኝ።

ይርጋ፦ ልክ ነበርኩ። በድሮው የፈጨሽልኝ ዱቄት ሌላ ነው። እስካሁንም ሌላ ነው!

አስካለ፦ የድሮውን ለቁራሌው ከሸጥኩት ቆየሁ እኮ።

ይርጋ፦ ምን?

አስካለ፦ የአዲሱን ዱቄት የከረጢቱን ማሰሪያ ቀየር አድርጌ ነው የምልክልህ። በየጊዜው «ይኼ ነው ዱቄት!» እያልክ ስትደውልልኝ እኔ ደግሞ «አየህ፣ የድሮ ነገር» እልሃለሁ።

ይርጋ፦ ስታታልዪኝ ኖረሻል!

አስካለ፦ ሆድህ ተመችቶት፣ ምላስህ ብቻ ሲከራከር ኖረ። ምን ጎደለብህ? …አሁን ምንድን ነው የጮኸው?

ይርጋ፦ ምንም አልጮኸም።

አስካለ፦ ጮኸ እንጂ! ማጓራቱንም ተወ። አረንጓዴ ነገርም ጻፈ። ጨረሰ መሰለኝ?

ይርጋ፦ አይ… ትንሽ… አርፎ ነው።

አስካለ፦ አርፎ! ደክሞት! ውሃ ስጠው እንግዲህ። ይርጋ፣ ሻዩ ገና እንፋሎቱ አልቆመም። ጀንበሯ እዚያ ናት፤ በመስኮቱ ተመልከታት። የድሮው ወፍጮ ዛሬ ምን በልቶ ነው እንዲህ የፈጠነው?

ይርጋ፦ (ራሱን ይወዘውዛል።)

አስካለ፦ ተናገር እንጂ። እንደ ቬንትሌተሩ ራስህን አትወዝውዝብኝ።

ይርጋ፦ አዲሱን ክፋቱን ላሳያቸው ብዬ ነበር ያስገባሁት እትዬ። ለአንድ ቀን ብቻ። ስህተት ማዥጎድጎድ ሲጀምር የልጆቹ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የጻፈውን ሰው ስም ሳየው የእኔ። ወደ ታች ብወርድ የእኔ። ብወርድ፣ ብወርድ… እነሱን ያስተማርኩበት ክፍል ሁሉ። አሮጌው ዝም ብሎ ሲያልፈኝ ነው ለካ የኖረው።

አስካለ፦ ከዚያስ?

ይርጋ፦ ከዚያማ ስብሰባው ላይ ጠረጴዛ ደብድቤ «በቁሜ ቤቴ አይገባም» ብዬ ምያለሁ። እሺ ካልኩ በማግስቱ ሁሉም አዲሱን አስነስተው ስህተቴን ያዩታል። አንድ በአንድ እያረምኩ ነው። ሳልጨርስ እንዳያዩብኝ ነው እምቢ ያልኩት።

አስካለ፦ እና ልጆቹ በአሮጌው እየተንገላቱ ቃልህን ሲጠብቁ፣ አንተ በአዲሱ ገበናህን ታጥባለህ። ኧረ የእኔ መምህር! እናታችን ብትኖር ይኼን አይታ እልል ትል ነበር።

ይርጋ፦ ስደቢኝ። ለምንትዋብ ግን እንዳትነግሪያት። በእናታችን ይዤሻለሁ።

አስካለ፦ ምን ብዬ ነው የምነግራት? እሷ ናት የነገረችኝ።

ይርጋ፦ ማን? ምኑን?

አስካለ፦ ሞክሩት እያልክ ጮራን ስትልክላቸው፣ የፈጨው ወፍጮ ስሙን ውስጡ አትሞ ይተዋል አለችኝ። የት ጋ እንደሚታይ ያሳየሃቸውም አንተው ራስህ ነህ አሉ።

ይርጋ፦ ወይኔ! እሱን ሳልፍቀው… ወይኔ ይርጋ!

አስካለ፦ ስህተቱንም አይተውታል። ከድሮም ያውቁታል፤ እያዩ ያልፉታል። «ጋሼ ነው፣ ይተው» ይባባላሉ። አሮጌው ብቻ መሰለህ የቻለህ?

ይርጋ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይኼን ሁሉ ካወቁ፣ አንቺም ካወቅሽ፣ ቀይር እያልሽ እዚህ ቆመሽ የምትለምኚኝ ምን ቀርቶሽ ነው?

አስካለ፦ ቀይር መቼ አልኩህ? ከገባሁ ጀምሮ እሺ በላቸው ነው ያልኩህ። ልጆቹም እኔም የምንጠብቀው ከአፍህ የምትወጣውን ያቺኑ «እሺ» ነው፤ ቶሎ በላት፣ ሻዩ መቀዝቀዝ ጀምሯል።