ምሳውን ከበላን በኋላ

አባዬ የመዝናኛ ፓርክ ነፃ ትኬት ይሰጣል ሲባል ሰምቶ፣ እንዳስተረጉምለት እዚህ አሜሪካ ዲኬተር ከተማ ያለ ሆቴል ይዞኝ ሄደ። ትኬቱን የሚሰጠው ቤት ሻጭ ምሳ ጋበዘንና ፓርኩ አጠገብ ያለ ቤት በዓመት አንድ ሳምንት የእናንተ ይሁን አለን፤ ክፍያው ግን ዕድሜ ልክ ነው። እኔ የፈለግኩት ፓርኩ ውስጥ ባለው ሆቴል አንዴ ብቻ ማደር ነበር። አባዬ አንገቱን ደፍቶ፣ «እፈርማለሁ በይው» አለኝ።

«አባዬ፣ አበድክ?»

«ዓሣውን ሁለቴ አስጨምሬ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ያን ቀን ግን ወጣ፤ ሻጩን በእንግሊዝኛ «አባቴ አልገዛም ብሏል» አልኩት። ፊቱን አጨፍግጎ እያጉረመረመ ትኬቶቹን ወረወረልን።

«ምን አለ?» አለኝ አባዬ።

«ባትገዙም ችግር የለም፣ በሰላም ግቡ አለ።»

አባዬ እፎይ ብሎ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እንዳንተ ያለ ጨዋ ሰው አሜሪካ አላየሁም በይልኝ» አለኝ።

ይህንንስ ቃል በቃል ተረጎምኩለት።