ከብጣሽ የተሰፋች እናት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ወሬዬ አጭር ናት፤ ልብ ላይ ግን ትከብዳለች።

አንዲት ባልቴት ነበሩ። ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ብጣሽ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ልጃቸው ታምማ ስትሞት ትታት የሄደችውን ሕፃን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ሕፃኗን ግን "እናትሽ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳለች" ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ የሟቿ ነገር በቤቱ አይነሣም። "ልጅ ሐዘን አይችልም" ባይ ናቸው።

አንድ ቀን የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ላይ ከልጅቷ አስተማሪ ጋር ተገናኙ። ወጣት ናት፣ ጎረቤታቸውም ናት።

"እማማ፣ ቆመን የምናወራው ነገር አይደለም" አለቻቸው።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። ባልቴቷ ሥራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ "ምን አጠፋችብሽ?" አሉ።

"ኧረ ምንም! ዛሬ ሁሉም እናቱን እንዲሥል አዝዤ ነበር። የእርስዎዋ የተዘጋ በር ሥላ መጣች። 'እናትሽስ የታለች?' ብላት፣ 'ከበሩ ኋላ ናት፤ መልኳን ግን አላውቀውም' አለችኝ።"

ባልቴቷ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። "እና ምን ላድርግ? በዚህች ጫጩት ላይ ተራራ ልጫንባት?"

"በትንሽ በትንሹ ይንገሯት እንጂ። ጠብታም ሲጠራቀም ወንዝ..."

"በቃሽ! ቀጥለሽ ደግሞ እንቁላሉን በእግሩ ልታስኬጂልኝ ነው! የመጽሐፉን ለመጽሐፍ ተይው፣ ልጄ። እኔ የወለድኳትን ነው የቀበርኩት።"

አስተማሪዋ አፈረች። ዐይኗን ሰበር ብታደርግ ጭናቸው ላይ ያለው ሥራ ላይ አረፈ።

"ይቅር ይበሉኝ። ይሄ ብርድ ልብስ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ገና ሲጀምሩት ያውቃሉ?"

"ከየት አውቄው? ያገኘሁትን ካገኘሁት ጋር እገጥማለሁ። መልኩ የሚወጣው ኋላ ነው።"

"ልጅቷም እናቷን የምትሠራት እንደዚሁ ነው። አንዷ ብጣሽ አሳሳቋ ትሁን፣ አንዷ አረማመዷ። እርስዎ ያቀብሏት፤ መልኩን እሷ ታወጣዋለች።"

"ሄዳለች ካልኳት በኋላ?"

"እሱማ ውሸት ነው እማማ። ብጣሹ በምን ይያያዝ?"

ባልቴቷ የሰፉትን ጎተት አድርገው አዩት። "በበሰበሰ ክር ነው ለካ ስሰፋ የኖርኩት" አሉ። "ነገ ሲጎተት መተርተሩ አይቀርም።"

በማግስቱ ልጅቷን ታቅፈው፣ "እናትሽ ሥራ አልሄደችም፣ የኔ ዓለም። ታምማ ሞታለች። አትመለስም" አሏት።

ልጅቷ አለቀሰች፣ አለቀሰችና፣ "ተቆጥታኝ አይደለማ የቀረችው?" አለች።

ይህ ጥያቄ በዚያች ትንሽ ሆድ ውስጥ እስከ ዛሬ መኖሩን ሲያስቡ ባልቴቷ ጥብቅ አድርገው አቀፏት። "አንቺን? ዐይኗን ከድና እንኳ ስምሽን ነበር የምትጠራው!"

ከዚያ ወዲያ እየሰፉ ያወጉላት ጀመር። እናትሽ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትደበቃለች። ገበያ ከሄደችማ የጠሩባትን ዋጋ ሁሉ ከፍላ ነው የምትመጣ፤ እሷን የላከ ከሰረ!

ልጅቷ ሳቀች። ቆየት ብላ፣ "እማምዬ፣ እናቴም እንደኔ ዓይነ አፋር ነበረች ማለት ነው?" አለች።

ባልቴቷ መርፌውን አስቀምጠው አዩዋት። "ዓይነ አፋር" የሚለውን ቃል አንድም ቀን ነግረዋት አያውቁም።

"አዎ፣ ልጄ" አሉ እንባቸው እየወረደ፤ "ቁርጥ አንቺን።"

ሐዘኑማ የት ይሄዳል? ግን ብቻቸውን ሲሸከሙት የነበረውን ዛሬ ለሁለት ያዙት። ልጅቷም የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ አወቀች።

እናንተም ልጆቼ፣ የሞተባችሁን ሰው ከልጅ ደብቃችሁ ሁለተኛ አትቅበሩት። ስለሱ አንዲት ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ ለልጁ ንገሩ። አደራዬን አትርሱ።